በቃለ አጋኖ የሚጀምሩ መስመሮች

ሰኞ፣ 3

ይህን ደብተር የወሰድኩት ለሥራ ነበር፤ የፋይሎቹን ዝርዝር ልይዝበት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን «ዝናቡ ዛሬ ገባ፤ ከእኔ በቀር ሰው ሁሉ የጠበቀው ይመስላል፣ ዣንጥላ ይዟል» ብዬ ጻፍኩና የሥራ ደብተርነቱ እዚያው አበቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘጠና አራት የባቡር ጣቢያዎች አሉን። በእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ የብረት ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ አንድ ስዊች አለ። የጣቢያውን ስልክ፣ የትኬት መስኮቱንና የሰዓት ሰሌዳውን ከእኛ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። እያንዳንዱ ስዊች ደግሞ የኮንፊግ ፋይል አለው፤ «ስምህ ይህ ነው፣ የምትነጋገረው ከእነ እገሌ ጋር ነው፣ ይህን ክፈት፣ ያንን ዝጋ» የሚል የጽሑፍ መመሪያ ማለት ነው። ዘጠና አራቱም ፋይሎች እስከ ዛሬ በአሮጌው ሰርቨር ላይ ተቀምጠው ኖረዋል። አሁን አዲስ የኔትወርክ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር መጥቷል። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ወደ እሱ ማስገባት የእኔ ሥራ ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ በ15፣ አሮጌው ሰርቨር ይጠፋል፤ ዲስኩም ይደመሰሳል።

አለቃዬ ስትቆጣ «አንተ» ትለኛለች፣ ስታዝንልኝ «እርስዎ»። ዛሬ «እርስዎ እኮ ይችሉታል» አለችኝ። ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

«ካልቻልኩስ?»

«ካልተቻለ ሥራውን ለውጭ ተቋራጭ እንሰጠዋለን። ክፍሉም ለዕቃ ማከማቻ ይፈለጋል።»

እኔ ለምን እንደምፈለግ አልነገረችኝም።

ማክሰኞ፣ 4

ሶፍትዌሩ የመጀመሪያውን ፋይል አልቀበልም አለ። «መስመር 7፦ ያልታወቀ ይዘት።» መስመር 7 ይህ ነው፦

! የጣቢያ 1 ሳጥን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ይዞራል። በአራተኛው ይሰበራል። ሰብሬው አውቃለሁ።

የጋሼ ጽሑፍ ነው። በፋይል ውስጥ በቃለ አጋኖ የሚጀምር መስመር መሣሪያውን አይመለከትም፤ ስዊቹ ዘሎት ያልፋል። ሰው ለሰው የሚጽፈው በዚያ ነው። «ሰው» ያልኩት ለክብር ነው፤ ከጋሼ ሌላ እነዚህን ፋይሎች የሚከፍት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሥራ አራት ዓመት በአንድ ክፍል ሠርተናል፣ ፊት ለፊት በተገጠሙ ሁለት ጠረጴዛዎች። እሳቸው መሣሪያ ተሸክመው ይወጣሉ፣ እኔ መጽሐፍ ይዤ እገባለሁ። ስለዚህም «ደራሲው» ይሉኝ ነበር። እስካሁን የደረስኩት ነገር ይህ ደብተር ብቻ ነው።

ካረፉ ሦስት ወር ከስድስት ቀን ሆናቸው። ጃኬታቸው አሁንም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት በሩን ስከፍት ይወዛወዛል።

ሐሙስ፣ 6

እትዬ ደወሉ፣ የጋሼ ባለቤት።

«ያንን ጃኬት መቼ ነው የምታመጣልኝ?»

«በዚህ ሳምንት፣ እትዬ።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለኸኛል።»

«ያን ጊዜ ጥርሴን አሞኝ ነበር።»

ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን። ወይም መስመሩ ነው። የመስመር ነገር እኔ ነኝ የማውቀው፤ መስመሩ ደህና ነበር።

ዓርብ፣ 7

ምሳ። ጠረጴዛው ለአራት ነው። አንድ ሰው መጥቶ ወንበር ይይዝና «ሰው አለው?» ይለኛል። «የለውም» እላለሁ። ወንበሩን ይዞ ወደ ጓደኞቹ ይሄዳል። ሁለተኛው ይመጣል፣ ሦስተኛው። በልቼ ስጨርስ ጠረጴዛው ከአንድ ወንበር ጋር ብቻውን ቀርቷል። ትሑት ሰዎች ናቸው፤ የእኔን እስካሁን የጠየቀ የለም።

ሰኞ፣ 10

ሶፍትዌሩን የሸጠው ድርጅት አሠልጣኝ ላከ። ሁሉን ሰው «ወንድሜ» ይላል፤ አለቃዬን ሊላት ሲል ቃሉን ግማሽ ላይ ዋጠው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ምን ያስጨንቃል? አንድ ትእዛዝ ነው። በቃለ አጋኖ የሚጀምረውን ሁሉ ሰርዝ ትለዋለህ፣ ያጸዳልሃል። ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ዘጠና አራቱም ገቡ።»

«መስመሮቹ ጠቃሚ መረጃ ይዘዋል» አልኩት።

አንዱን ከፍቶ ጮክ ብሎ አነበበ። «የጣቢያ 9 ኃላፊ ሰላም ሳይባል ሳጥኑ አይነካም። የባሰው ግን ሰላም ከተባለ በኋላ ነው፤ አይለቅም።» ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄ ነው ጠቃሚው?»

«እዚያ የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል።»

«አንተ ትሄዳለህ?»

ጥርሴን ወጋ አደረገኝ።

የሰጠሁት መልስ ግን ቴክኒካዊ ነበር፤ እዚህም ልጻፈው። ሶፍትዌሩ ፋይሉን ሲያስገባ «ሁሉንም ወጥ አድርግ» የሚል ምርጫ አለው፤ ምልክቱ ከመጀመሪያው ተደርጎበት ነው የሚመጣው። ካልተነሳ በቀር፣ የስዊቹ ፖርቶች ሁሉ (ገመድ የሚሰካባቸው ማለት ነው) ፍጥነታቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ያዛል። ለአዲስ ዕቃ ደህና ነው። በመስመራችን ላይ ግን ጡረታ መውጣት የነበረባቸው መሣሪያዎች አሉ፤ ገመድ ያልደረሰባቸውን ጣቢያዎች በአየር ከእኛ ጋር የሚያገናኙ ሬዲዮዎች ሳይቀሩ። ለእነሱ ሲሉ ጋሼ ፍጥነቱን በእጅ አስረውታል፤ ለምን እንዳሰሩት የሚናገረው ደግሞ ያ በቃለ አጋኖ የሚጀምረው መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን አነባለሁ፣ ካስፈለገ ምልክቱን አነሳለሁ፣ መስመሮቹን በእጄ እሰርዛለሁ፣ አስገባለሁ።

አለቃዬ ይህን በጽሑፍ ተቀብላዋለች። እውነትም ነው። ማብራሪያዬን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የሚነቀፍ ነገር አላገኘሁበትም። ሦስት ጊዜ ለምን እንዳነበብኩት አላውቅም።

ረቡዕ፣ 12

ዛሬ ሁለት ብቻ። በጠቅላላ ዐሥራ አንድ። ቸኩያለሁ።

ጣቢያ 11፦ ! ጣሪያው ያፈሳል። ሳጥኑን በላስቲክ ሸፍኛለሁ። ላስቲኩም ያፈሳል።

ከመሰረዜ በፊት ወደዚህ እገለብጣቸዋለሁ። ለመረጃ።

እሑድ፣ 16

ቤት። መስኮቱ ላይ ዝናብ። ስልኬ በዚህ ሳምንት አንድ ጊዜ ጮኸ፤ የማስታወቂያ መልእክት ነበር። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። «ውድ ደንበኛችን» ይላል።

የጋሼን መስመሮች እንደገና አነበብኩ።

ጣቢያ 14፦ ! እዚህ አይጥ አለች። ገመድ አትበላም፤ የምትበላው ገመዱ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት ብቻ ነው። የተማረች ናት።

ጣቢያ 17፦ ! ከግራ ሁለተኛው ገመድ ወዴት እንደሚሄድ አላወቅኩም። አትንቀሉት። ነቅዬው ነበር። ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ማክሰኞ፣ 25

ኮሪደር ላይ የጽዳት ሠራተኛዋና ጥበቃው ሲያወሩ።

«ያ ሰውዬ ብቻውን ይስቃል እኮ።»

«የቱ?»

«የኔትወርኩ ነዋ።»

«ከማን ጋር ነው የሚስቀው?»

«ከማንም። ነገሩ እሱ ላይ ነው።»

ከዛሬ ጀምሮ በር ዘግቼ እስቃለሁ።

ሰኞ፣ 1

ወር ተቀየረ። ሠላሳ ደረስኩ፦

! ደራሲው ሆይ፣ ከጣቢያ 30 ጣሪያ ላይ ወንዙ ይታያል። ጠዋት ጉም ይለብሳል፣ ረፋድ ላይ ያወልቃል። አንተ ደግሞ አሁን በኮምፒውተርህ ማያ ላይ አንድ አረንጓዴ ነጥብ ታያለህ። ሁለቱም ጣቢያ 30 ነው።

ይህን መስመር ለመሰረዝ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ቁልፉ አንድ ነው፣ ጣትም አንድ ይበቃል። ዛሬ ማሽኑ ዘግይቷል ብዬ ለአለቃዬ ነገርኳት። ማሽኑ አልተከራከረኝም።

ረቡዕ፣ 3

የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አፌን አስከፍቶ ስለ ትራፊክ ተረከልኝ፤ ከረጅም ጊዜ ወዲህ የሰማሁት ረጅሙ ወሬ ነው። ፎቶም አነሳኝ።

«ምንም የለብህም። ጥርስህ ከእኔ ይሻላል። መቼ መቼ ነው የሚያምህ?»

«ሐሙስ ሐሙስ።»

«ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ?»

ከመንገድ በፊት ልለው ነበር። «አላስተዋልኩም» አልኩት።

ማስታገሻ ይሆናል ብሎ አንድ ነገር ጻፈልኝ። አዘነልኝ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ 11

58። 59። 60። 62።

ፋይሎቹን በቅደም ተከተል የማስገባት ግዴታ የለም። የሶፍትዌሩ መመሪያ ገጽ 40 ላይ በግልጽ ተጽፏል።

ዓርብ፣ 12

አሠልጣኙ ዝርዝሩን ሲያይ፦ «ወንድሜ፣ 61ን ዘለልካት።»

«ረጅም ፋይል ነው። ጊዜ ይወስዳል።»

«ከፍተኸዋል?»

«መጠኑን አይቻለሁ።»

ያየሁት መጠኑንና መጨረሻ የተነካበትን ጊዜ ነው። ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ። ጋሼ በጣቢያ 61 ነው ያረፉት። ብልሽቱን ጠግነው፣ ፋይሉን ወደ ሰርቨሩ ልከው፣ ከዚያ። እኔ በዚያ ሰዓት ቤት ነበርኩ። ጥርሴን አሞኝ።

ሰኞ፣ 22

እትዬ ደወሉ። አላነሳሁም። ስብሰባ ላይ ነበርኩ።

ስብሰባ አልነበረም። ይህ የግል ደብተር ስለሆነ እዚህ መዋሸት ጉልበት ማባከን ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ወደ ባዶው ጠረጴዛ ሄደ፤ ጠርዙ ላይ ደርሶ ቆመ።

ጃኬቱን ለማድረስ ብቻ ከሆነ በመልእክተኛ መላክ ይቻላል። ግን «ግባ» ይላሉ። ከገባሁ «ተቀመጥ» ይላሉ። ከተቀመጥኩ ደግሞ ስለዚያ ቀን ይጠይቃሉ፤ ጠዋት ተነጋግራችሁ ነበር ወይ፣ ምን አለህ። መጠየቅ መብታቸው ነው።

ዓርብ፣ 26

አለቃዬ በስልክ፣ በሯ ገርበብ ብሎ፦ «አዎ፣ ክፍሉን ከ16 ጀምራችሁ ቀለም መቀባት ትችላላችሁ። አይ፣ አሁን አንድ ሰው ብቻ ነው ያለበት። እ? ... ጸጥ ያለ ነው፣ አያስቸግራችሁም።»

ሰኞ፣ 6

81 ገቡ። ጣቢያ 77 ላይ ምልክቱን አነሳሁ፤ ጋሼ ባይጽፉት ኖሮ ጣቢያው ይጨልም ነበር። ይህን ለአሠልጣኙ አሳየሁት።

«ይሄስ እውነትም ጠቃሚ ነው» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «ወንድሜ፣ ሰውየው በሕይወት አሉ?»

«የሉም።»

«እ።» ቀኑን ሙሉ ወንድሜ ሳይለኝ ዋለ። ናፈቀኝ።

ሰኞ፣ 13

93 ገቡ። አንድ ቀረ።

«አንተ፣ ምን እየጠበቅክ ነው?» አለችኝ አለቃዬ። «ከነገ ወዲያ እኮ ሰርቨሩ ይጠፋል። አንተን ብዬ ነው ለላይኞቹ ቃል የገባሁት።»

ሁለት ጊዜ «አንተ»። ቆጠርኩ።

ከሰዓት በኋላ ጠቋሚውን 61 ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። የመብራት ቆጣቢው ማንም እንደሌለ አስቦ መብራቱን አጠፋብኝ። እጄን አወዛወዝኩ፤ ተመልሶ በራ። ሁለቴ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ተውኩት።

ማክሰኞ፣ 14

አስገባሁት። ሳልከፍተው። አንድ ትእዛዝ፦ በቃለ አጋኖ የሚጀምረውን ሁሉ ሰርዝ። ምልክቱንም እንዳለ ተውኩት። ሻዬ አልቀዘቀዘም።

ዘጠና አራት ከዘጠና አራት። አለቃዬ «እርስዎ ጀግና» ብላ ጻፈችልኝ።

ዘጠና ሦስቱን ቃል በቃል አንብቤ አንዷን ጨፍኜ ማሳለፌ ለሥራ አመቺነት ነው።

ረቡዕ፣ 15፣ ጠዋት

61 ቀይ ነው።

አዲሱ ሶፍትዌር ንጋት ላይ ሁሉንም ጣቢያዎች እንደ አዲሱ መመሪያ አደሰ። ዘጠና ሦስቱ አረንጓዴ ናቸው። 61 ስልክ የለውም፣ ሰሌዳ የለውም፣ የለም። ሕጉ እንዲህ ነው፦ 61 «መስመሩ ነጻ ነው» ብሎ በስልክ ሳይናገር ባቡር ከ60 አይነቃነቅም። የጠዋቱ ባቡር 60 ላይ ቆሟል። ሰዉ ወርዶ ዝናብ ላይ ነው ይላሉ።

ከዚህ ሆኜ ላስተካክለው አልችልም፤ ወደ እሱ የምደርስበት መንገድ ራሱ ነው የተዘጋው። ቦታው ድረስ ሄዶ በገመድ መያያዝ ብቻ ነው ያለው።

«ማን ነው የሚሄደው?» አለች አለቃዬ።

ሁለታችንም ባዶውን ወንበር አየን።

ምን እንዳጠፋሁ ለማወቅ ፋይሉን መክፈት ነበረብኝ። ሰርቨሩ ሊጠፋ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ከፈትኩት። ረጅም አይደለም። ከሁሉም አጭሩ ነው።

ያው ቀን፣ ባቡር ውስጥ

አትሜ የያዝኩትን ልገልብጠው።

! ይህን ፖርት አትንኩት። ሬዲዮው ሽማግሌ ነው፤ ፍጥነቱ አሥር ላይ ታስሮ ካልቆየ ያኮርፋል።

! ዛሬ ተራው የደራሲው ነበር። ጥርሴን አለ። አላመመውም፤ መንገድ ይፈራል። ቀስ እያልን እናለማምደዋለን።

! ወደ ሳጥኑ የሚያወጣው መሰላል ሦስተኛ እርከኑ ላልቷል። እሱ ሲመጣ ንገሩት። እግሩ ሥር አያይም።

ንገሩት ያሉት ማንን እንደሆነ አላውቅም። ፋይሉን ከእኔ ሌላ የሚከፍት የለም።

ከተማው አልቋል። በመስኮት በኩል የሚያልፉትን ጣቢያዎች አውቃቸዋለሁ። 9 ላይ አንድ ሰው መድረኩ ላይ ቆሞ የባቡሩን ሹፌር በእጁ ይዞ ያወራዋል። አልለቀቀውም።

ሐሙስ፣ 16፣ ጣቢያ 61

ትናንት ከ60 እስከ 61 በእግሬ ሄድኩ፣ በሐዲዱ ዳር፣ አንድ ሰዓት ተኩል። መንገድ የሚያስፈራው ከመሄድ በፊት ነው። ከሄዱ በኋላ ያው ጭቃ ነው።

የጣቢያዋ ኃላፊ አሮጊት ናቸው፤ የዝናብ ልብሳቸው እስከ መሬት ይደርሳል። ከሩቅ ቆመው ጠበቁኝ።

«ደራሲው አንተ ነህ?»

«በምን አወቁኝ?»

«ዣንጥላ ይዘህ ሳትዘረጋው ትበሰብሳለህ።» እውነታቸውን ነው፤ ብብቴ ሥር ነበር። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ «ጥርስህ ተሻለህ ወይ?» አሉኝ።

ለማሾፍ አልነበረም። ያ ነው የከፋው።

መሰላሉን ወጣሁ። ሦስተኛውን እርከን ዘልዬ። ከሳጥኑ ጋር በገመድ ተያይዤ የፖርቱን ፍጥነት አሥር ላይ አሰርኩ። ሬዲዮው ለጥቂት ጊዜ አሰበና ይቅር አለኝ። ታች ስልኩ ጮኸ። ኃላፊዋ «መስመሩ ነጻ ነው!» ሲሉ ሰማሁ፤ ድምፃቸው ለሬሳም ይሰማል።

ከዚያ መዶሻና ሚስማር ለመንኳቸው።

እርከኑን ስመታ አጠገቤ ቆመው ስለ ጋሼ ነገሩኝ፣ ሳልጠይቃቸው። «እዚች አግዳሚ ላይ ነው የተቀመጡት። ጠዋት ሲመጡም ፊታቸው ልክ አልነበረም። እንዲህ ሆነው ለምን መጡ ብላቸው፣ ባቡሩ ይቆማላ አሉኝ። ሠሩ፣ ወረዱ፣ ያችን ማሽናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጻፍ ጻፍ አደረጉ። ፈገግ ይሉ ነበር። ምን ያስቅዎታል አልኳቸው። ለአንድ ሰው ደብዳቤ ነው አሉኝ። ውሃ ስጪኝ አሉ። ውሃውን ይዤ ስመለስ ...» መዶሻውን ከእጄ ተቀበሉ። «ሚስማሩን አጣመምከው። ስጠኝ።»

ማደሪያ ክፍል ሰጡኝ። አሁን እዚያ ነኝ፤ ባቡሩ ከምሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ጊዜ አለኝ፣ ልጻፈው።

ያን ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ደወሉ። «ደረቴን ትንሽ ይዞኛል፤ ዛሬ ተራህም ነው፣ ብትሄድልኝ» አሉ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ተራ ኖሮኝ አያውቅም፤ አለቃዬ በዚያው ወር ነበር በየተራ ሂዱ ያለችን። ቦርሳዬን አዘጋጅቼ ነበር። በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ከዚያ «ጋሼ፣ ጥርሴን አሞኛል» አልኳቸው። «እሺ፣ አይዞህ፣ ሙቅ ነገር ያዝበት» አሉኝ። ቀኑን ሳነብ ዋልኩ። መጽሐፉ ጥሩ ነበር። ይህን ነው ለማንም ያልተናገርኩት፤ መጽሐፉ ጥሩ ነበር።

ጥርሴን አላመመኝም።

ዓርብ፣ 17

ለአለቃዬ፦ «ስህተቱ የእኔ ነው። ዘጠና ሦስቱን አንብቤ አስገባሁ፣ አንዱን ሳላነብ።»

«ያንኑ አንዱን ለምን?»

«ጋሼ የጻፉት የመጨረሻው ነበር።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ «ሰርቨሩን አላጠፋሁትም» አለች። «ተመልሰው ማየት ቢፈልጉ ብዬ። እስከ ሰኞ።» ቀጥላም፣ «ደግሞ ሶፍትዌሩ እኮ ለእያንዳንዱ ጣቢያ ‹ማስታወሻ› የሚል ባዶ ቦታ አለው፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ። እነዚያን መስመሮች እዚያ መለጠፍ ይቻል ነበር። አሠልጣኙ አላሳየዎትም?»

አልጠየቅኩትም ነበር። ሁለት ወር ሙሉ።

ሥራው ለተቋራጭ አይሰጥም። ክፍሉ ግን ይሄዳል፤ ቀለም ቀቢዎቹ መጥተዋል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጠረጴዛ ተሰጥቶኛል።

«መስመሩን የሚዞር ሰው እስኪቀጠር ...» አለች።

«እኔ እዞራለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ?» አለች። ቁጣ አልነበረበትም፤ ሁለተኛ ዓይነት «አንተ» መሆኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ የጣቢያ 61ን ማስታወሻ ሞላሁ። የጋሼን ሦስት መስመሮች፣ እንዳሉ። ከሥራቸው፦ እርከኑ ተሠርቷል። አንዱ ሚስማር ጠማማ ነው።

ቅዳሜ፣ 18

ጃኬቱን ይዤ ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አንገትጌውን ገልጠው አዩት።

«አላጠብከውም አይደል?»

«አላጠብኩትም፣ እትዬ።»

«ጎሽ። ግባ።»

ገባሁ። ወንበር ሊስቡልኝ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ቆሜ ነገርኳቸው። የስልኩን። የደረታቸውን። የተራውን። የጥርሴን። የመጽሐፉንም ነገርኳቸው፤ እሱን ባልናገርም ይቻል ነበር፣ ግን ከተጀመረ ወዲያ አንድ መስመር መሰረዝ አቃተኝ።

እጃቸው ወንበሩ ጀርባ ላይ እንዳለ ቀረ። ከላይ ፎቅ የሆነ ዕቃ ሲጎተት ይሰማል፤ ተጎትቶ አለቀ።

«ዛሬ አትቀመጥ» አሉኝ።

«እሺ።»

በሩ ድረስ ሸኙኝ። ደረጃውን ግማሽ ከወረድኩ በኋላ ከላይ ጠሩኝ።

«ዛሬ አልችልም ነው ያልኩህ። ማክሰኞ ና።»

ማክሰኞ፣ 21

ሄድኩ። ዣንጥላዬን ተቀብለው ከበሩ ጀርባ ሰቀሉት፣ ከጃኬቱ አጠገብ።

«ተቀመጥ» አሉኝ።